ለእናቴ የገዛሁት ስማርት ባንድ፦ የሌሊት እንቅልፍና የማለዳ ስኳር በአንድ ደብተር

እናቴ 69 ዓመቷ ነው። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ዘጠኝ ዓመት አልፏል፤ ሜትፎርሚንና ሁለት ዓይነት የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ የምትኖረውም አምስት ኪሎ፣ ከቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ እኛን ልጆቿን ባሳደገችበት ቤት ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጠዋት በባዶ ሆድ የምትለካው ስኳሯ እያደር ከፍ እያለ መጣ። ቀድሞ 130 እና 140 ይል የነበረው መለኪያ 170ን ማለፍ ጀመረ። ኪኒኗን አንድ ቀን አልዘለለችም፤ እንጀራዋን በልክ የምትበላ፣ ሻይዋንም ያለ ስኳር የምትጠጣ ሰው ናት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና እያፈላች ሳለ፣ «እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ያደርኩ ዕለት ጠዋት ስኳሬ ይብስበታል» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ ለክትትል ስንመላለስ ስለ ምግቧና ስለ መድኃኒቷ እንጂ ስለ እንቅልፏ የጠየቃት ሰው እንደሌለ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። እኔም ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

እዚህ የምገመግመው ከዚያ ቀን በኋላ የገዛሁላትን፣ በእጅ አንጓ ላይ ታስሮ የሌሊት እንቅልፍን የሚመዘግብ ስማርት ባንድ ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ፣ አምስት ሳምንት ያህል፣ ባንዱ የመዘገበውን እንቅልፍና የጣት ደም መለኪያው የሚያሳየውን የማለዳ ስኳር ጎን ለጎን በአንድ ደብተር ጻፍን። ያን ወቅት የመረጥነው ከረቡዕና ከዓርብ እንዲሁም ከሦስቱ የነነዌ ቀናት በቀር ጾም ስለሌለበትና የምግብ ሰዓቷ መለዋወጥ ውጤቱን እንዳያደናግረን ብለን ነው። የባንዱን ስም አልጠቅስም፤ በዚህ ዋጋ የሚሸጡት ሌሎቹም በአሠራራቸው ከዚህ ብዙም ስለማይለዩ፣ ከታች የማነሣቸው ድክመቶችም የአንዱ ብቻ ስላልሆኑ ነው።

የገዛሁት ከብሔራዊ ቲያትር ወደ ለገሃር በሚወስደው መንገድ አካባቢ ከሚገኝ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሲሆን፣ የከፈልኩት 3,800 ብር ነው። ሻጩ ሁለት ዓይነት ዕቃ አቀረበልኝ። አንደኛው እንቅልፍን፣ የልብ ምትንና የእርምጃ ብዛትን የሚመዘግበው ይህ ባንድ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ዋጋው ከፍ ያለ፣ «ጣት ሳይወጋ ስኳርም ግፊትም ይለካል» የተባለለት ሰዓት ነው። እናቴ በቀን አንድ ጊዜ ጣቷን መውጋት ምን ያህል እንደሰለቻት ስለማውቅ ልቤ ወደ ሁለተኛው አደላ። ሻጩ በእጄ ላይ አስሮ 98 የሚል ቁጥር አሳየኝ። ሰዓቱን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ የነበረ የተጠቀለለ ፎጣ ላይ እንዲያስረው ጠየቅሁት፤ ትንሽ ቆይቶ ለፎጣውም 101 የሚል ቁጥር ሰጠ። ሻጩ ራሱ ደንግጦ ዝም አለ፤ እያወቀ ሊያታልለኝ የፈለገ አይመስለኝም፣ አስመጪው የነገረውን ነው የነገረኝ።

በዚህ ነጥብ ላይ መቆም ግድ ይለኛል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ሰዓት ለወላጆቻቸው ገዝተው የሚያምኑ ሰዎች በዙሪያዬ አሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2024 ቆዳ ሳይወጉ የደም ስኳር እንለካለን የሚሉ ስማርት ሰዓቶችንና ቀለበቶችን ማንም እንዳይጠቀም አስጠንቅቋል፤ በራሱ ስኳር የሚለካ እንዲህ ያለ ሰዓት ወይም ቀለበት አንዱንም እንዳልፈቀደ ገልጿል። አደጋው ግልጽ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ አንድ አዛውንት የሰዓቱን የሐሰት ቁጥር አምኖ መጠኑን ቢጨምር ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ስኳርን ለጣት መለኪያው፣ እንቅልፍን ለባንዱ ለይቼ ተመለስኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ያለፈው ባንዱን ከእናቴ ጋር በማላመድ ነው። ዕቃው አማርኛ አያውቅም፤ ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እናቴ ሌሊት ነቅታ ስታየው 02:15 ይላል፤ እርሷ ሁለት ሰዓት ከሩብ ብላ ታነበዋለች፤ ጠዋትም «ገና በሁለት ሰዓት ነቃሁ» ትለኛለች፣ የነቃችው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር። ባንዱ ሰዓቱን ከስልክ ስለሚወስድ በእጅ ማስተካከል አልተቻለም። በመጨረሻ ሌሊት ባንዱን ጨርሶ እንዳታየው፣ ሰዓት ማወቅ ካስፈለጋት የግድግዳውን እንድታይ ተስማማን፤ እጅ ሲነሣ ስክሪኑ የሚበራበትንም አጠፋሁት። ይህ ለሌላም ነገር ጠቀመ፤ እንቅልፍ እንቢ ያለው ሰው ሰዓት በተመለከተ ቁጥር ሐሳብ ይገባዋል፣ ሐሳብ የገባው ሰው ደግሞ ይበልጥ ይነቃል።

እናቴ ያላት ተራ ስልክ ስለሆነ መዝገቡን የምቀበለው በእኔ ስልክ ነው። ባንዱ የሚይዘው የሰባት ቀን መዝገብ ብቻ ነው፤ በአንደኛው ሳምንት በሥራ ተይዤ በዘጠነኛው ቀን ስሄድ የሁለት ሌሊት መዝገብ ጠፍቶ አገኘሁት። ባትሪው ለስምንትና ለዘጠኝ ቀን ይበቃል፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ፣ መብራት በሄደበት ሌሊት እንኳ ሳይቋረጥ መዝግቧል። ማሰሪያው ጎማ በመሆኑ ከሥሩ ላብ እያቆረ ቆዳዋን አቀላው፤ ጠዋት ጠዋት እየፈታች ስታደርቀው መቅላቱ ቀረ።

አሁን ወደ ደብተሩ ልግባ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እናቴ አልጋ ላይ የምትቆየው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም ሰባት ሰዓት ያህል ነበር። ይህ በዕድሜዋ ላለ ሰው ከሚመከረው ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ጋር የሚገጥም ይመስላል። ባንዱ ግን ከዚያ ውስጥ የተኛችው አምስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑን፣ በሌሊትም አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም አምስት ጊዜ እንደምትነሣ አሳየ። ሰዓቶቹ ሲታዩ ሥርዓት ያላቸው ነበሩ፦ ከሌሊቱ 5 ሰዓት አካባቢ፣ 6 ሰዓት ተኩል፣ 8 ሰዓት፣ 9 ሰዓት ተኩል። «ሽንት ነው የሚያስነሣኝ» አለች። ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገረችኝ ብጠይቃት፣ «እርጅና ነዋ፤ ምን ብዬ ልንገርህ?» ብላ መለሰችልኝ።

ከአምስት ሰዓት በታች የተኛችባቸው ሌሊቶች ጠዋት ስኳሯ ብዙውን ጊዜ ከ170 በላይ ነበር፤ ከስድስት ሰዓት በላይ ስትተኛ ወደ 150 ይጠጋ ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ አልሆነም፤ ሦስት ጊዜ ያህል በደንብ ተኝታ ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፣ ከነዚህ አንዱ ማታ እንግዳ መጥቶ አምሽታ ክትፎና ዳቦ የበላችበት ነው። የአስተርዮ ማርያም ዋዜማ ሌሊቱን ማኅሌት ቆማ አደረች፤ ጥር 21 ቀን ጠዋት ምግብ ሳትቀምስ ስትለካ 192 አለ። ያን ሌሊት ከመዝገቡ ለይተን በቀይ ጻፍነው፤ በዓመት ለጥቂት ቀናት በደስታ የምታድረውን ሌሊት በሽታ ነው ብዬ ልቆጥርባት አልወደድኩም።

በእንቅልፍና በስኳር መካከል ያለው ይህ ዝምድና የእናቴ ብቻ አይደለም፤ በምርምርም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በእነ ካሪን ስፒጌልና ኢቭ ቫን ካውተር በታተመ ጥናት፣ 11 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለስድስት ሌሊት በአልጋ ላይ አራት ሰዓት ብቻ እንዲቆዩ ተደርጎ፣ ሰውነታቸው በመርፌ የተሰጠውን ስኳር ከደም የሚያነሣበት ፍጥነት እንቅልፋቸውን ከካሱበት ጊዜ በ40 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። አንድም በሽታ የሌለባቸው ወጣቶች በስድስት ሌሊት እንዲህ ከሆኑ፣ ጡንቻዋ በዕድሜ የቀነሰ፣ ቆሽቷም ዘጠኝ ዓመት የደከመ አንዲት እናት ምን ትሆናለች የሚለው ጥያቄ ሲከተለኝ ሰነበተ። ጡንቻን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር አብዛኛውን የሚወስደው ጡንቻ ነው፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጡንቻ ይመናመናል።

አሠራሩን በቀላሉ ላስረዳ። እንቅልፍ ሲጎድል ሰውነት አደጋ ላይ እንዳለ ሁሉ ይነቃቃል፤ ማታ ማታ መውረድ የነበረበት ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ከፍ እንዳለ ይቆያል፣ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል፣ ጡንቻና ስብ ደግሞ ኢንሱሊን ሲያንኳኳ በሩን ቶሎ አይከፍቱም። የረሃብ ነገርም አለበት። ያው የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሌላ ጥናት 12 ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ ከተኙ በኋላ፣ የጥጋብ መልእክት የሚያደርሰው ሌፕቲን በ18 በመቶ ቀንሶ፣ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን በ28 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። እናቴ እንቅልፍ ባጣች ማግስት ረፋድ ላይ «ሆዴ ባዶ ባዶ አለኝ» እያለች ዳቦ የምትቆርሰው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ ግን ስንት ጊዜ «አትብዪ» ብለን ተቆጥተናታል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ሦስተኛው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እነ ኢስራ ታሳሊ በዚያው በቺካጎ ባደረጉት ሙከራ የዘጠኝ ጤነኛ ወጣቶችን የእንቅልፍ ርዝመት ምንም አልነኩትም፤ ያደረጉት ነገር ቢኖር፣ የተኛው ሰው ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ሊገባ ሲል፣ ሳይነቃ ከጥልቁ የሚያወጣው ድምፅ ማሰማት ብቻ ነው። ከሦስት ሌሊት በኋላ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ በ25 በመቶ ገደማ ወረደ። ጥልቅ እንቅልፍ ደግሞ ዕድሜ ሲጨምር በራሱ የሚቀንስ ነው፤ በወጣትነት በሌሊት ከአንድ ሰዓት በላይ የነበረው ከ60 ዓመት በኋላ ብዙ ጊዜ ወደ ጥቂት ደቂቃዎች ይወርዳል። ለሽማግሌ የቀረችው ያች ጥቂት ጥልቅ እንቅልፍ ናት እንግዲህ ድምፅ የሚቀማው።

አምስት ኪሎ ላይ ሌሊት ምን እንደሚሰማ ለማወቅ አንድ ቅዳሜ እናቴ ቤት አደርኩ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ዕቃ የጫኑ ከባድ መኪኖች ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጣሉ፤ አንድ ቦታ ላይ የሌሊት ግንባታ ስለነበረ የብረት መቁረጫው ፉጨት ይሰማል፤ ውሾቹም አሉ። በረንዳው አጠገብ የተተከለው አዲሱ የመንገድ መብራት ስሱን መጋረጃ አልፎ ትራሷ ላይ ያርፋል። እናቴ በዚህ ሁሉ መካከል ተኝታለች፤ ጠዋት ብጠይቃት የሰማችው ነገር የለም። ያልሰማችው ድምፅ ግን ከጥልቅ እንቅልፏ አውጥቷት ሊሆን ይችላል፤ የቺካጎዎቹ ወጣቶችም ከጥልቅ እንቅልፋቸው የወጡት ሳይነቁ ነበር።

የባንዱ ትልቁ ድክመት የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው። ጥልቅ እንቅልፍ የሚለየው በራስ ላይ በሚለጠፉ ገመዶች የአንጎልን ሞገድ በመመዝገብ ነው፤ ባንዱ ያለው መሣሪያ የእጅን እንቅስቃሴ የሚያውቅ አካልና ቆዳ ላይ ብርሃን እያበራ የደም ሥር ምት የሚቆጥር ዳሳሽ ብቻ ነው። ከእነዚህ ተነሥቶ ይገምታል። ለእናቴ በአንድ ሌሊት «ጥልቅ እንቅልፍ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ» ብሎ ጽፎላታል፤ አራት ጊዜ ተነሥታ ላደረች የ69 ዓመት ሴት ይህን ቁጥር አላምንም። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ያን መስመር በደብተራችን መጻፍ ትተናል፤ ሌላውም ገዥ እንዲተወው እመክራለሁ።

ሌላም ስሕተት አለ። እናቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሥታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ትልና፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ መብራት ሳታበራ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። እጇ ጭኗ ላይ ነው፤ ከከንፈሯ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ባንዱ ይህን ሁሉ ጊዜ እንቅልፍ ብሎ ይመዘግባል፤ በአንደኛው ሳምንት ብቻ ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋ ጸሎት እንቅልፍ ሆኖ ተቆጥሯል። ጸሎቷን ስትጀምር ባንዱን ፈትታ እንድታስቀምጠው በማድረግ አስተካከልነው። ችግሩ ግን ከጸሎት ይሰፋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳይገላበጥ፣ እንቅልፍ እየለመነ የሚያድር ሰው በእነዚህ መሣሪያዎች ዘንድ እንደተኛ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ አንድ አዛውንት «ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም» ሲል ባንዱ «ስድስት ሰዓት ተኝቷል» ካለ፣ ከባንዱ ይልቅ ሰውየውን ማመን ይሻላል። ከምሳ በኋላ ሸለብ የምታደርጋትን ሃያ ደቂቃ ደግሞ አንድም ቀን አልመዘገበም።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ለእኔ ጥቅሙ የታየው በሦስተኛው ሳምንት፣ በክትትል ቀጠሮዋ ዕለት ነው። እናቴ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አይወጣትም። ያን ቀን ግን ደብተሩን ይዘን ነበር። ሐኪሙ ስኳሩን አይተው መድኃኒት ሊጨምሩላት ብዕር አንሥተው ሳለ፣ አጠገቡ የተጻፉትን የሌሊት ሰዓቶች አዩና ብዕሩን አስቀመጡት።

«እማማ፣ ይህችን የግፊት ኪኒን መቼ ነው የሚውጧት?»

«ማታ ነዋ ልጄ፤ እንዳልረሳ ከራት በኋላ ሁሉንም ባንድ ላይ።»

ኪኒኗ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነበረች፤ ሽንት በማብዛት ግፊትን የምትቀንስ መድኃኒት ናት። ማታ የተዋጠች እንደሆነ ሥራዋን የምትሠራው ሌሊት ነው። ሐኪሙ ወደ ጠዋት አዛወሩላት፤ የስኳር መድኃኒቷን ሳይነኩ ለአንድ ወር ቀጠሩን። ይህን የምጽፈው ማንም በራሱ ሥልጣን የወላጁን የግፊት መድኃኒት ሰዓት እንዲለውጥ አይደለም፤ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት መቼ እንደሚወሰድ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው። ሐኪሙ አንድ ነገር ጨምረው አስረዱን። ስኳር በደም ውስጥ በአብዛኛው ከ180 አካባቢ ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተውና ወደ ሽንት ይለቀዋል፤ ስኳሩም ውኃ እየሳበ ሽንትን ያበዛል። እናቴ በመጥፎ ቀን ማታ ማታ ከዚያ ታልፍ ነበርና፣ ስኳሯ እንቅልፏን ይቀማታል፣ እንቅልፍ ማጣቷ ደግሞ ስኳሯን ከፍ ያደርገዋል፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይዞራል።

ከቀጠሮው በኋላ ሌሎች ነገሮችም ለወጥን። የከሰዓቱ ቡና ከ10 ሰዓት ወደ 7 ሰዓት መጣ። ካፌይን ከሰውነት ውስጥ ግማሹ እንዲወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ በ3 ሰዓት ተኩል የሚተኛ ሰው ከቡናው ግማሽ ያህሉን ይዞ ነው አልጋ የሚገባው። ከለውጦቹ ሁሉ የከበዳት ይህ ነው፤ የ10 ሰዓቱ ቡና ጎረቤቶቿ የሚሰበሰቡበት፣ ቀኑን የምትጠብቅበት ሰዓት ነበር። በመጨረሻ ጎረቤቶቿ ራሳቸው «እኛ በ7 እንመጣለን» ብለው አሸጋሸጉላት። ራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆነ። መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን፤ አልጋውንም ከመንገዱ ወደ ጓሮው ክፍል አዛወርነው።

በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት የሌሊት መነሣቷ ከአራት ወደ አንድና ሁለት ወረደ። ባንዱ የሚመዘግበው እንቅልፍ ስድስት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ደረሰ፤ የማለዳ ስኳሯ ከ138 እስከ 155 መካከል መዋል ጀመረ። ይህን ሁሉ ያመጣው እንቅልፉ ነው ብዬ አልደመድምም፤ ራትም ቀድሟል፣ ቡናም ተለውጧል፣ በደብተር መጻፉ ራሱ ሰውን ጠንቃቃ ያደርጋል። የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየው የላቦራቶሪ ምርመራም በአምስት ሳምንት ውስጥ ገና ሙሉውን አይናገርም። ከፋሲካ በኋላ ሲሠራ ቀድሞ 8.4 በመቶ የነበረው 7.6 በመቶ ሆኖ መጣ፤ ለእናቴ የተጨመረ መድኃኒት አልነበረም።

ባንዱ ሊነግረን ሞክሮ ያልቻለው አንድ ነገር አለ። የደም ኦክስጅን ይለካል ተብሎ ነበር፤ አንዳንድ ሌሊት 86 እና 87 እያለ ያስደነግጠናል፣ ማግስቱን ያለ ምክንያት 97 ይላል፤ እጇ ሲቀዘቅዝም ጨርሶ አያነብም። በቤት ባደርኩበት ሌሊት ግን በጆሮዬ የሰማሁት ከባንዱ ቁጥር ይልቅ አሳሰበኝ። እናቴ ታንኮራፋለች፤ ማንኮራፋቷ ድንገት ይቋረጥና ጸጥ ትላለች፤ ስቆጥር አሥራ አምስት፣ አንዳንዴ ሃያ ሰከንድ፤ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ትንፋሿን ስባ ትቀጥላለች። ይህ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ በሐኪሞች አጠራር ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው ሕመም ምልክት ነው። የጉሮሮ ጡንቻ በእንቅልፍ ሲላላ የአየር መንገዱ ይዘጋል፤ ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎል ሰውየውን ለቅጽበት ቀስቅሶ ያስተነፍሰዋል። ቢያንስ አሥር ሰከንድ የቆየ መቋረጥ ነው የሚቆጠረው፤ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። ሴቶች ከማረጥ በኋላ በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ይጨምራል፤ ማንኮራፋት ግን የወንድ ነገር ተደርጎ ስለሚታይ እናቶቻችንን ማንም አይጠይቃቸውም። ሽንት ሌሊት መመላለሱም አንዱ ምልክቱ ነው።

ማንኮራፋቷን በስልኬ ቀድቼ ለሐኪሙ አሰማኋቸው፤ ሦስት ደቂቃ ያህል በጸጥታ አዳመጡና ለእንቅልፍ ምርመራ ጻፉላት። ሕመሙ ከተረጋገጠ የሚሰጠው ሕክምና ሲፓፕ የተባለው፣ በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ ነው፤ አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሳሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው ነው። መሣሪያው የደም ስኳርን በእርግጥ ያወርዳል ለማለት ግን አይቻልም፤ በዚህ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ውጤት የተለያየ ነው። የቀን ድካምን መቀነሱ ግን የታወቀ ነው።

አንዲት ዘመዳችን በዚህ ሁሉ መካከል ለእናቴ ዲያዜፓም የተባለ የሚያስተኛ ኪኒን ይዛላት መጥታ ነበር፤ በቅንነት ነው። መልሰን ሰጠናት። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር የቢርስ መስፈርት በሚባለው ዝርዝሩ ከ65 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች ከዲያዜፓምና ከመሰሎቹ እንዲርቁ ይመክራል፤ ሌሊት ሲነሡ ይወድቃሉ፣ አእምሮአቸውም ይደነጋገራል፤ ትንፋሹ ለሚቆራረጥ ሰው ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቆየ የእንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያ የመከረው ኪኒን ሳይሆን የአስተኛኘት ልማድንና ስለ እንቅልፍ ያለ ሐሳብን የሚያርም የንግግር ሕክምናን ነው።

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚውጡ ወላጆች ላሏቸው አንድ ነገር ልጨምር። ሌሊት በላብ ተጠምቆ፣ ልቡ እየመታ፣ በቅዠት የሚነቃ አዛውንት ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ባንዱ ይህን እንደ ተራ መንቃት ነው የሚጽፈው፤ የልብ ምቱ መፍጠን ቢታይበትም ምክንያቱን አይነግርም። እንዲህ ሲሆን በዚያው ቅጽበት በጣት መለኪያ መለካት ያስፈልጋል፤ ከ70 በታች ከሆነም ጣፋጭ ነገር ሰጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት ነው።

ባንዱን ለማን እንደምመክር ልናገር። ሌሊት ብቻቸውን የሚያድሩ፣ ስለ እንቅልፋቸው ሲጠየቁ «ደህና ነኝ» የሚሉ፣ ስኳራቸው ያለ ግልጽ ምክንያት የጨመረ ወላጆች ላሏቸው፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ሄዶ መዝገቡን የሚቀበል ልጅም ካለ፣ 3,800 ብሩ አይቆጭም። አልጋ የገቡበትን፣ የተነሡበትንና በመካከሉ የነቁበትን ሰዓት ብቻ ከእርሱ ውሰዱ፤ ጥልቀቱን፣ ኦክስጅኑንና ከመቶ የሚሰጠውን የእንቅልፍ ነጥብ ተዉት። አጠገባቸው የሚያድር ሰው ካለ ደግሞ ባንድ ሳይገዛ በእርሳስና በደብተር ይህንኑ ማድረግ ይቻላል፤ ማንኮራፋቱን የሚሰማ ጆሮ ከዚህ ዕቃ ይበልጣል። ስትገዙ የጨርቅ ማሰሪያ ያለውን ጠይቁ፣ ባትሪው ከሳምንት በላይ የሚቆየውን ምረጡ፤ ስኳር ይለካል የተባለውን አትንኩት።

የእናቴ የእንቅልፍ ምርመራ ቀጠሮ ለሰኔ ነው። ባንዱን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቻርጅ ታደርገዋለች፤ ደብተሩን አሁን የምትጽፈው ራሷ ናት፣ ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር።